ጆሮዬ ዜሮ በመቶ ተጎድቷል ብለው ለወሰኑልኝ ክቡር ኃላፊ

ለጡረታና የአካል ጉዳት አበል ጽሕፈት ቤት የውሳኔ ክፍል ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና፣ በተለይ ደግሞ ለሁለቱም ጆሮዎችዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁት እርስዎን ላሳጣ ፈልጌ አይደለም፤ በመዝገብ ቤትዎ በኩል ያስገባኋቸው አራት ደብዳቤዎች የት እንደደረሱ የሚነግረኝ ስላጣሁና፣ ቢሮዎ ብቅ ባልኩ ቁጥር ግን ጋዜጣ ጠረጴዛዎ ላይ በክብር ተዘርግቶ ስላየሁ፣ ወደ ዓይንዎ የሚያደርሰው አቋራጭ ይኸው ነው ብዬ ነው።

እርስዎ እንደማይረሱኝ እርግጠኛ ነኝ። ነገር ግን ይህን የሚያነብ ሌላም ሰው ስለሚኖር ራሴን ላስተዋውቅ። በአንድ ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን በነበረች መስኮት የለሽ ክፍል ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆኜ ሠርቻለሁ። ከሆስፒታሉ ውስጥ ወደ ውጭ መደወል የፈለገ ሁሉ ዜሮን ይጫናል፤ ዜሮን ሲጫን የምትመልስለት እኔ ነበርኩ። በዚህ የተነሳ ከዋናው ሐኪም እስከ በር ጠባቂው ድረስ “ዜሮ” ነበር የሚሉኝ። “ዜሮዬ፣ እስቲ ራጅ ክፍልን ስጪኝ” ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር እንጂ ተቀይሜ አላውቅም። ሁለት መቶ አሥራ ስድስት የውስጥ ቁጥሮች በቃሌ ነበሩ፤ ዛሬም ቢሆን ከራሴ የልደት ቀን ይልቅ የማዋለጃ ክፍሉ ቁጥር ይቀድመኛል።

ጆሮዬ መድከም የጀመረው በግራ በኩል ነው። ማዳመጫውን ወደ ቀኝ አዞርኩት፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ቀኙም ተከተለው። ለማንም አልተናገርኩም፤ የስልክ ኦፕሬተር “አልሰማም” ብላ ከተናገረች ምን ትባላለች ብዬ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ደውላ “ሕፃናት ክፍል” ስትለኝ “ሒሳብ ክፍል” ያለችኝ መስሎኝ አገናኘኋት። ልጇ ከቀዶ ሕክምና በሰላም ወጥቶ እንደሆነ ልትጠይቅ የደወለች ሴት የክፍያ ደረሰኝ ቁጥሯን ተጠየቀች። በማግስቱ ምድር ቤት ድረስ ወርዳ ፊቴ ቆማ ስትጮህ አፏን አያለሁ እንጂ አንድም ቃል አልሰማሁም። ልጁ ድኖ ነበር፣ ተመስገን፤ እኔ ግን በዚያኑ ቀን ማዳመጫዬን ሰቅዬ ወጣሁ። ሆስፒታሉም “መስማት ስለማትችል ሥራዋን ልትሠራ አትችልም” ብሎ ጽፎ ወደ እርስዎ ላከኝ። እርስዎም “መስማት ስለምትችል አበል አይገባትም” ብለው ጻፉ። ሁለቱም ደብዳቤዎች ክብ ማኅተም ያላቸው፣ ሁለቱም መልካም ሰማያዊ ቀለም ያላቸው ስለነበሩ የትኛውን እንደማምን ቸግሮኝ ቆይቻለሁ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፦ በመጠበቂያ አዳራሽዎ ውስጥ ባለጉዳይ በድምፅ ማጉያ እንዲጠራ ላደረጉልን መልካም ዝግጅት አመሰግናለሁ። መስማት ተስኖኛል ብላ የመጣችን ሴት በድምፅ ማጉያ ከመጥራት የበለጠ ፈጣን ምርመራ በየትኛውም ዓለም አይገኝም። ሦስት ቀን ተመላለስኩ፤ ሦስቱንም ቀን “ተጠርታ አልቀረበችም” ተብሎ ተጻፈብኝ። በአራተኛው ቀን አጠገቤ አንድ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሰው ተቀመጡ። በመንግሥት ጋራዥ በያጅ ነበሩ፤ ዓይናቸውን የበላው የብየዳው እሳት ነው። ጨዋታ ሲጀምሩልኝ ወደ ግድግዳው ዞረው ስለነበር አገጫቸውን በጣቴ ቀስ አድርጌ ወደ እኔ መለስኩት። መጀመሪያ ደነገጡ፤ ነገሩን ሳስረዳቸው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ለካ ለእሳቸው ደግሞ ጽሕፈት ቤትዎ ውሳኔያቸውን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፎላቸው ኖሯል። ቀና ብዬ ሳየው፣ በያጁ ስምንት ቀን ሙሉ ከራሳቸው ውሳኔ ሥር ተቀምጠው ውሳኔያቸውን ሲጠብቁ እንደነበር ተረዳሁ። አነበብኩላቸው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እሳቸው የእኔን ስም ያዳምጣሉ፣ እኔ የእሳቸውን ስም ሰሌዳው ላይ እፈልጋለሁ፤ ሁለታችን ተደምረን አንድ ሙሉ ባለጉዳይ ወጣን።

ሁለተኛ፦ ለሕክምና ቦርድዎ ሐኪም ትሕትና አመሰግናለሁ። የመስማት መመርመሪያው ክፍል እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች ማስቀመጫ ሆኖ ስለነበር፣ ሐኪሙ ምርመራውን በጨዋታ መልክ አደረጉልኝ። ወጣትና ንጹሕ ሰው ናቸው፤ ፊታቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጭተው፣ ብርሃን በሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ አስተማሪ እያነጠሩ “ይሰሙኛል እናቴ?” አሉኝ። ከንፈራቸውን አይቼ “አዎ ልጄ” አልኩ። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ሲጠይቀኝ ዝም ማለት ነውር መስሎኝ ነው። ሪፖርታቸው “ትሰሚያለሽ ወይ ተብላ ስትጠየቅ አዎ ስትል መልሳለች፤ የጉዳት መጠን ዜሮ በመቶ” ይላል። ሃያ ስምንት ዓመት በፍቅር ብቻ ስጠራበት የኖርኩትን ስም በፊርማና በማኅተም ስላጸደቁልኝ፣ ክቡር ሆይ፣ ውለታዎ አለብኝ።

ሦስተኛ፦ ይግባኝ ማለት የሚፈልግ ሁሉ በራሱ አንደበት በስልክ ደውሎ ቀጠሮ እንዲይዝ ያወጡት መመሪያ ነው። በአካል መጥቼ በመስኮቱ በኩል ላስረዳ ብሞክር፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ በጣቱ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው የስልክ ቁጥር በጣም የሚያምር ነበር፤ ሦስት ሰባት ነበረው።

እዚህ ላይ ባለቤቴን ላስገባ። ባለቤቴ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ራሱ ግን ራሰ በራ ነው፣ ደንበኞቹም በዚህ ሲቀልዱበት ሠላሳ ዓመት ሆናቸው። ድምፁ በርሜል ውስጥ ሆኖ እንደሚያወራ ሰው ነበር፤ “ነበር” የምለው በእኔ ጆሮ የቀረው እንዲያ ሆኖ ስለሆነ ነው። ለእኔ ቀጠሮ ሊይዝልኝ ቢደውል “ከባለጉዳዩ በቀር ከማንም ጋር አንነጋገርም” ተባለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ፊቱ በርቶ መጣና “የአንድ ደንበኛዬ ሚስት አንቺን ሆና ደውላልሽ ቀጠሮ ያዘችልሽ” አለኝ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቅ ሴትዮዋን መረቅኳት።

ቀጠሮው ደረሰ፣ ወረቀቴን አስገባሁ፣ ከሁለት ወር በኋላ መልሱ መጣ። ይግባኙ ውድቅ ሆኗል። ምክንያቱም፣ ከእርስዎ ፊርማ በላይ ቃል በቃል እንደሰፈረው፣ “ይግባኝ ባይዋ ከስልክ ክፍላችን ሠራተኛ ጋር ለአሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ተነጋግራ፣ የተጠየቀችውን ሁሉ ያለ አንዳች ችግር ሰምታ መልሳለች” የሚል ነው።

እውነቱን ልንገርዎትና መጀመሪያ የተናደድኩት በእርስዎ አይደለም። አሥራ አንድ ደቂቃ! የደንበኛው ሚስት ስለ እኔ አሥራ አንድ ደቂቃ የምታወራው ምን ብታውቅ ነው? ደግሞስ ይህች ሴት ማናት? ወረቀቱን ይዤ ፀጉር ቤቱ ገባሁና፣ ሳሙና የተቀባ ሰው ወንበሩ ላይ እንዳለ፣ “ይቺን ሴት ዛሬውኑ ታሳየኛለህ!” አልኩት። ምላጩን አስቀመጠ። ሳሙና የተቀባው ሰው በመስታወቱ ውስጥ እኔን አየኝ፣ እሱን አየ፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ባለቤቴ ፎጣ አነሳ፤ አፉ ላይ አደረገ፤ መልሶ አወረደና “እኔ ነኝ” አለኝ። አልገባኝም። “ሴትዮዋ እኔ ነኝ” አለኝ ደግሞ። ድምፁን አቅጥኖ፣ ፎጣ አፉ ላይ አድርጎ፣ ሦስት ደንበኞች ፀጥ ብለው እየሰሙት፣ እኔን ሆኖ የደወለው እሱ ራሱ ነው። የስልክ ክፍልዎ ሠራተኛ በመካከሉ “ጉንፋን ይዞዎታል እንዴ እትዬ?” ብላ አዝናለት ነበር አሉ።

አራት ቀን አኮረፍኩት። መስማት የተሳነው ሰው ሲያኮርፍ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ? ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ይቅርታ ቢጠየቅ የሚደርሰው ነገር የለም። ክቡርነትዎ ይህን ዘዴ ከማንም በላይ ስለሚያውቁበት ብዙ አላብራራውም።

አራተኛው ምስጋናዬ ጠበቃ እንድፈልግ ስላደረጉኝ ነው። በሃምሳ ሰባት ዓመቴ፣ ከተማው ውስጥ ስንት ዓይነት ጠበቃ እንዳለ ሳላውቅ ልሞት ነበር።

የመጀመሪያው በሩ መስታወት፣ ወለሉም መስታወት የሚመስል ሕንፃ ውስጥ ነው። ጸሐፊዋ በፈገግታ ካርድ ሰጠችኝ፤ ካርዱ ላይ “ጠበቃው አዲስ ባለጉዳይ የሚያነጋግሩት በቅድሚያ በስልክ ነው” ይላል። ካርዱን መልሼ ወጣሁ። ሁለተኛው ወረቀቴን ሳይገልጥ “ይሄማ ቀላል ነው፣ ውስጥ የራሴ ሰው አለኝ” አለና የእርስዎን ስም ጠራልኝ። ከንፈሩን በሚገባ አይቻለሁ፤ እርግጥ ነው ከንፈር አንዳንዴ ያሳስታል፣ እንዳሳሳተኝም ተስፋ አደርጋለሁ። ሦስተኛው ደግ ሰው ናቸው፤ አልሰማም ስላቸው ግን ጮኹብኝ። የጮኸ ሰው አፉ ስለሚጣመም ጭራሽ ምንም አላየሁም፤ በረንዳ ላይ ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩት ግን ጉዳዬን ከነዝርዝሩ ሰምተው ኖሮ፣ ስወጣ አንዲት እናት እጄን ይዛ “አይዞሽ፣ የኔም እንደዚሁ ነው” አለችኝ። ከሦስቱ ጠበቆች ያገኘሁት ምክር እሱ ብቻ ነው።

በመጨረሻ በያጁን ጠየቅኳቸው። “የኔ ጠበቃ ጋ ሂጂ” አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፣ ለምደውታልና። “ከጡረታና ከአካል ጉዳት ጉዳይ በቀር ሌላ አይነካም። ካልረታልሽ አምስት ሳንቲም አይቀበልሽም። ደግሞ ንግግሩ! እንደ ውኃ የጠራ ነው።” በደስታ ሄድኩ። ቢሮው ከቀለም መሸጫ ሱቅ በላይ ነው፤ ደረጃው የቀለም ማቅጠኛ ይሸታል። በሩን አንኳኳሁ፣ ተከፈተ፣ መጀመሪያ ያየሁት ሪዝ ነበር። ሰውየው ከሪዙ ኋላ ነው የመጣው። እንዲህ ያለ ሪዝ በዕድሜዬ አላየሁም፤ ከአፍንጫው ሥር ተነስቶ የላይኛውን ከንፈር ጨርሶ፣ የታችኛውን እስከ ግማሹ ወርሶታል። እንደ ውኃ የጠራው ንግግር ሁሉ ከዚያ ሥር ይፈስሳል፤ እኔ የማየው ግን ሣሩ ሲወዛወዝ ብቻ ነው። በያጁ ይህን ሊነግሩኝ አይችሉም ነበር፤ አይፈረድባቸውም።

በወረቀት ተነጋገርን። የእጅ ጽሑፉ ከሪዙ አይሻልም። ቢሆንም ሦስቱ ጠበቆች ያልጠየቁኝን አንድ ጥያቄ እሱ በመጀመሪያው ቀን ጻፈልኝ፦ “ስልኩን ማን ነው የደወለው?” ነገርኩት። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንዲነበብልኝ ፊደሉን እያተለቀ፣ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ “ባለቤትዎ ዝም ካሉ እርስዎ ይሰማሉ። ባለቤትዎ እውነቱን ከተናገሩ እርስዎ አይሰሙም፤ እሳቸው ግን በሰው ስም ቀርበው መሥሪያ ቤት አታለዋል ተብለው ሊጠየቁ ይችላሉ። ተማከሩበት።”

ወረቀቱን ለባለቤቴ ሰጠሁት። አንብቦ አጠፈው፤ ኪሱ ውስጥ ከተተው። “እናስብበት” አለኝ። እንደፈራ ገባኝ። እስር ብቻ አልነበረም የፈራው፤ ሰፈሩ ሁሉ “እትዬ” እያለ ሊጠራው ነው። እኔም አልገፋሁትም። አበሉ ቢቀርብኝ እቀበላለሁ፤ ባሌ በዚህ ዕድሜው ፖሊስ ጣቢያ ሲመላለስ ግን ማየት አልፈልግም ነበር።

ከሳምንት በኋላ አንድ ሰው ፀጉር ቤቱ ገብቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና “ሪዙን ላጭልኝ” ይላል። ባለቤቴ አያውቀውም። ምላጩን ይዞ ያመነታል፤ “ጌታዬ፣ ይህን የመሰለ ሪዝ ምን አጠፋ?” ይለዋል። “ደንበኛዬን ይጋርድብኛል።” “ደንበኛዎ ማናቸው?” “ባለቤትህ ናቸው” ይለዋል ሰውየው። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደላጨው አያስታውስም። ሪዙን ያሳደገው ተማሪ ሳለ ነበር፤ ያን ቀን ማታ የገዛ ሚስቱ በር ከፍታለት “ማንን ፈልገው ነው?” አለችው አሉ።

ባለቤቴ በዚያን ቀን ሱቁን ቀደም ብሎ ዘግቶ መጣ፤ ፊቴ ተቀመጠ፤ ቃሉን አንድ በአንድ እንዲህ አለኝ፦ “ላንቺ ብሎ ሪዙን የጣለ ሰው አለ። እኔ ባልሽ ነኝ። ሄጄ እናገራለሁ።”

ከዚህ በኋላ ምስጋናዬን መቁጠር ትቻለሁ፤ ቀኑን እርስዎም ስለነበሩበት ያስታውሱታል። የኮሚቴዎ ስም “ይግባኝ ሰሚ” መሆኑ ሁልጊዜም ይገርመኛል፤ እኔ አለመስማቴን ለማስረዳት ሦስት ዓመት ፈጀብኝ፣ ኮሚቴዎ ግን የሚሰማ መሆኑን አስረዳ ያለው የለም። እርስዎ መካከል፣ ሌሎቹ ሁለቱ ግራና ቀኝ ተቀምጣችኋል። ጠበቃዬ ከሌላ ሆስፒታል ያስመረመርኩትን ውጤት አቀረበ፤ ግራው ጆሮዬ ጨርሶ፣ ቀኙ ለስሙ ያህል። እርስዎም በትሕትና፣ መሣሪያ ሊሳሳት እንደሚችል፣ የአሥራ አንድ ደቂቃ ንግግር ግን እንደማይሳሳት አስረዱን። በዚህን ጊዜ ነው ባለቤቴ የተነሳው።

ሲናገር ጀርባውን ሰጥቶኝ ስለነበር ምን እንዳለ አላየሁም። ያየሁት የእናንተን ፊት ነው። በግራ ያሉት ሴትዮ ቅንድባቸው ወጣ፤ በቀኝ ያሉት ሰውዬ መነጽራቸውን አወለቁ፤ እርስዎ ደግሞ “የስልክ ክፍሏ ልጅ ትጠራ” አሉ። ልጅቷ መዝገቧን ታቅፋ መጣች፤ ፊቷ ላይ ክፋት የሌለባት ልጅ ናት። ድምፁን ታውቂዋለሽ ወይ ለማለት ባለቤቴን “እንደዚያን ቀን ተናገር” አላችሁት። ፎጣ ለመነ። ፎጣ አልነበረም፤ ጠበቃዬ መሐረቡን ሰጠው። ራሰ በራው፣ ቦርጫሙ ባሌ በመንግሥት ኮሚቴ ፊት መሐረብ አፉ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ እኔን ሆነ። ልጅቷ ከወንበሯ ተነስታ በጣቷ ወደ እሱ እያመለከተች “እሷ ናት! እሷ ራሷ ናት!” ስትል ከከንፈሯ ፍንትው ብሎ ታየኝ።

ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን ሳቁ። ፋይል አንስተው ፊትዎን ቢከልሉም ትከሻዎ አሳጣዎት። ሁሉም ሳቀ፤ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሳይቀር ሳቀ። በዚያ ክፍል ውስጥ ቀልዱን ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አለመስማቴን ለመመርመር ከፈለጉም ከዚያች ደቂቃ የተሻለ አላገኙም ነበር።

ሳቁ ሲበርድ ጠበቃዬ ልጅቷን አንድ ነገር ጠየቃት፦ ሌላው ባለጉዳይ ሁሉ በሁለት ደቂቃ ቀጠሮ ይዞ ሲዘጋ፣ ይሄኛው ለምን አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ? ልጅቷ አቀረቀረች። ቅጹ ላይ የሌለ ጥያቄ ጠይቃ ነበር። “ሳላቸውን ሰምቼ አሳዘኑኝ። ከሁሉ የሚከብድዎት ምንድን ነው አልኳቸው። ያሉኝን ጫፉ ላይ ጽፌዋለሁ” አለች። “አንብቢው” ተባለች። ስታነብ ፊቷን ወደ መዝገቡ ስለደፋች አላየሁም። ያን ጊዜ ጠበቃዬ ወደ እኔ ዞሮ፣ ገና ቆዳው የነጣ ባዶ ከንፈሩን ወደ ብርሃኑ አድርጎ፣ እሷ ያነበበችውን ቃል በቃል ደገመልኝ፦

“የባሌን ድምፅ ከሰማሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ቤት ውስጥ ከኋላዬ ሆኖ ይጠራኛል። ይጠራኛል፣ ይጠራኛል፣ አልዞርም። እሱም ቆይቶ ይተወዋል።”

እኔ ይህን ብዬ አላውቅም፤ ከኋላዬ ሆኖ እንደሚጠራኝም አላውቅም ነበር። ይህን የሚያውቀው የሚጠራው ሰው ብቻ ነው። ባለቤቴ መሐረቡን በእጁ እያሻሸ ወለሉን ያይ ነበር። እርስዎም ፋይሉን ከፊትዎ አወረዱት፤ ሲስቁ የነበሩ አይመስሉም ነበር። ስለዚያች ዝምታ፣ ያለ ምንም ቀልድ፣ አመሰግንዎታለሁ፤ ከጽሕፈት ቤትዎ በትክክል የሰማሁት ነገር ቢኖር እሷ ናት።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ያዝኩት። “ለምን አልነገርከኝም?” አልኩት። ዞሮ ፊት ለፊቴ ቆመና “ነግሬሻለሁ እኮ፣ ከኋላሽ ሆኜ” አለኝ።

ውሳኔው በስድስተኛው ሳምንት ደረሰ። ጆሮዬ መጎዳቱ ታምኖበታል፤ አበሉም ሥራ ካቆምኩበት ቀን ጀምሮ እንዲታሰብልኝ ተወስኗል። ጠበቃዬ ወረቀቱን ሁለቴ አንብቦ፣ መስኮት ከፍቶ፣ ታች ላለው የቀለም ሱቅ ባለቤት በእጁ ምልክት አሳየ፤ ሲረታ እንዲህ ነው የሚያበስረው። ባለቤቴ ደግሞ ለብቻው ደብዳቤ ደርሶታል፦ “የሴት ድምፅ በማስመሰል መሥሪያ ቤቱን ማነጋገርዎ ተገቢ ስላልሆነ ለወደፊቱ እንዳይለመድ በጥብቅ እናስጠነቅቃለን።” በመስታወት አስገጥሞ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሰቅሎታል። እንደፈራውም ሰፈሩ “እትዬ” ይለዋል፤ “አቤት” እያለ ይስቃል። በያጁን ጠበቃዬ ይዟቸዋል፤ የሰሌዳው ላይ ውሳኔያቸው በሕግ እንዳልደረሳቸው ተከራክሮ ጉዳያቸው እንደ አዲስ ተከፍቷል።

በመጨረሻም፣ ለዚህ ሁሉ ድካምዎ፣ ለሦስት ዓመቱ ትዕግሥትዎ፣ በተለይም መስማት የተሳናትን በድምፅ ማጉያ፣ ማየት የተሳናቸውን በማስታወቂያ ሰሌዳ ለማገልገል ላሳዩት ያልተቋረጠ ትጋት ጥልቅ ምስጋናዬን ደግሜ እያቀረብኩ፣ እግሩ የተቆረጠ ባለጉዳይ በመጣ ጊዜ ደግሞ አምስተኛ ፎቅ ላይ እንደሚያስተናግዱት በሙሉ ልብ በመተማመን፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ እላለሁ።

ከልብ አክባሪዎ፣
የቀድሞዋ ዜሮ፣
የፀጉር አስተካካዩ የ“እትዬ” ሚስት

ማስታወሻ፦ የጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ ቤት ኃላፊ የባለቤቴ ደንበኛ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ሲስተካከሉ፣ እርስዎ በመጪው ዓመት ጡረታ እንደሚወጡ፣ ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት አገልግሎትዎ ማስረጃ ከግል ማኅደርዎ ውስጥ ሊገኝ እንዳልቻለ፣ ለእርስዎ ግን እስካሁን ማንም ደፍሮ እንዳልነገርዎ አጫውተውታል። የጠበቃዬን አድራሻ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ሰው አይበዛበትም፤ ደረጃው ግን ቀለም ማቅጠኛ ስለሚሸት አፍንጫዎን ይጠብቁት፤ እሱም ቢጎዳ ማስረዳቱ ቀላል አይደለም።